የጉበት ገንፎ

አሌይዳ ጉበቱን ገልበጥ አድርጋ ስታየው እብጠቱን አገኘችው። የዶሮ እንቁላል የሚያህል፣ ከዙሪያው የነጣ፣ ሲነኩት የሚርገበገብ ነገር ነበር። የቢላዋውን ጫፍ አስነካችው፤ ቆረጥኩት ለማለት እንኳ አይበቃም። እሱ ግን ሲጠብቃት የኖረ ይመስል ፍንድት አለና አረንጓዴ ከቢጫ የተቀላቀለበት መግል በጣቶቿ መሃል ወረደ። ሽታው መጀመሪያ የደረሰው ጉሮሮዋ ጋ ነው፤ አፍንጫዋ ዘግይቶ ነው ያወቀው። ቢላዋውን ጠረጴዛው ላይ ጣለችና ክንዷን አፏ ላይ ደፋች።

"ምን ሆነሽ ነው ፍም የረገጠች ድመት የመሰልሽው?" አለ ላመርት፣ በበሩ አንገቱን አስግጎ።

ላመርት የባሏ አባት ነው። በዚያ ቤት ከእሱ ቃል ዝንፍ የሚል የለም፤ ልጁ ሄርም ሚስት አግብቶ፣ ጢም አውጥቶም ቢሆን አባቱ ሳይቀመጥ አይቀመጥም። አሳማውን ከፀደይ ጀምሮ የቀለበው ላመርት ነው፤ ትናንት ያሳረደውም እሱ። አሁን የታረደው አሳማ ከላሞቹ በረት ፊት ለፊት መሰላል ላይ ተዘቅዝቆ፣ እግሩን በርግዶ ይደርቃል። ከሰዓት በኋላ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ይመጣል። አሳማ የታረደበት ቤት ሄዶ ስቡን ማወደስ፣ ካወደሱም በኋላ አረቄ መጠጣት በዚያ አሸዋማ አገር ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ደንብ ነው። የቀረ ሰው እንደ ተቀየመ ይቆጠራል።

"አባባ፣ ጉበቱ ታሟል። ይኸው፣ መግል ይዟል።"

ላመርት የእንጨት ጫማውን እየጎተተ ቀረበ። አየው። ምንም አልከፋውም። አውራ ጣቱን እብጠቱ ውስጥ ሰደደና ዙሪያውን ፈልቅቆ አወጣው፤ ያወጣውን ለድመቷ ወረወረላት። ድመቷ አሽታ ሄደች። ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረግ አደረገና በዚያው ጣት ከጨው ሣጥኑ ቆንጠር አድርጎ ምላሱ ላይ ጣለ። ጨው መላስ ልማዱ ነው።

"በቃ፣ አለቀ" አለ። "ጉበት ይፈላል። የፈላ ነገር ሰው ገድሎ አያውቅም።"

"ሌላም አለበት እኮ። ከታች በኩል ትናንሽ ትናንሾች አሉ።"

"ትናንሾቹማ ቅመም ናቸው" ብሎ በራሱ ቀልድ ሳቀ፤ የቀሩት ጥርሶቹ ከትንባሆ ብዛት የጠቆሩ ነበሩ።

ያን ጊዜ ነው አሌይዳ የትናንቱ ነገር የገባት። የሥጋ መርማሪው ትናንት መጥቶ የታረደውን አሳማ ዞር ዞር ብሎ አይቶ፣ መለኪያውን ጨልጦ፣ ጭኑ ላይ ማኅተሙን መትቶ ሄዷል። ጉበቱን ግን አላየም። ላመርት መርማሪው ከመድረሱ በፊት ጉበቱን በባልዲ ይዞ ወደ ድንች ማከማቻው ወርዶ ነበር። "ውሻው እንዳይበላው ነው" ብሏት ነበር።

ይህ ሁሉ እንኳ በነሱ ቤት ቢቀር ምንም አልነበረም፤ እሷ አልበላም ብትል ማንም በግድ አያጎርሳትም። ነገሩ የሚያስጨንቃት የመጀመሪያው ሳህን የት እንደሚሄድ ስለምታውቅ ነው። በሰፈሩ አራስ ካለች ከጉበቱና ከጭንቅላቱ የሚሠራው የእርዱ የመጀመሪያ ገንፎ ለእሷ ይላካል። ዘንድሮ ደግሞ አራሷ ታናሽ እህቷ ዬነከ ናት። ወልዳ ትኩሳት ይዟት፣ ሁሉም ተስፋ ቆርጦባት፣ ገና ትናንት ከትናንት ወዲያ ነው ትራስ ተደግፋ መቀመጥ የጀመረችው። ጡቷ ደርቆ ሕፃኑ ያለቅሳል። "ገንፎው መቼ ነው?" እያለች በባሏ በቮልተር በኩል ስትጠይቅ ሰንብታለች።

አሌይዳ እጇን በሶዳ ታጥባ ወደ ባሏ ወጣች። ሄርም የደም ገንዳውን በመጥረጊያ እየፈተገ ነበር።

"ሄርም፣ ጉበቱ በመግል ተሞልቷል። አባትህን ተው በለው።"

ሄርም ፍተጋውን አላቆመም። "እሱ ያለው ነው እንግዲህ።"

"ዬነከ ናት እኮ የምትበላው! ያቺ በነፋስ የምትወድቅ!"

"በደንብ አፍይዋ" አለ ሄርም፣ ዓይኑን ከገንዳው ሳያነሳ። "ደግሞ ዛሬ ሰው ይመጣል፤ ነገር አታንሺ።"

የማትናገር ግድግዳ ከሱ ትሻላለች ብላ ተመለሰች።

የአሳማው ጭንቅላት፣ ሳንባውና ጉበቱ ትልቁ ድስት ውስጥ ይንተከተካል። ፀጉር ያልተላጨለት ጆሮ ብቅ ይላል፣ ይሰጥማል። ላይ ላዩ የተንሳፈፈውን ግራጫ አረፋ እየጠለለች ትደፋለች፤ በደፋች ቁጥር ሌላ ይተካል። ላመርት አጠገቧ ወንበር ስቦ ተቀምጧል። ከጉበቱ ጥፍር የምታህል እንኳ እንዳትጥል ይጠብቃታል። ከዚያ የሥጋ መፍጫውን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስሮ መዘውሩን ራሱ ይዘውር ጀመር። ሳንባ፣ ቆዳ፣ ጆሮ፣ ጉበት፤ ሁሉም በአንድ አፍ ገብቶ በሌላው እንደ ትል እየተጥመለመለ ወጣ። የላመርት አፍንጫ ጫፍ ላይ የተንጠለጠለች ላብ ነበረች። አሌይዳ ዓይኗን ከእሷ መንቀል አቃታት፤ ወደቀች፤ ሌላ መጣች።

ቀጥሎ ዱቄት። እንደ አመድ ግራጫ የሆነውን ዱቄት በአንድ እጅ እየነሰነሱ በሌላው ማማሰል ነው፤ ማማሰያው መሃል ላይ ቀጥ ብሎ ሲቆም ደረሰ ይባላል፤ ከዚያ ሳህን ላይ ገልብጠውት ሲቀዘቅዝ ይረጋል። ቅመሙ ሲገባበት ወጥ ቤቱ የገና ዳቦ የሚጋገርበት ቤት ሸተተ፤ ሽታው ጥሩ መሆኑ ደግሞ ይበልጥ አስጠላት። መስኮቱ በእንፋሎት ታውሮ ስቡ በመስታወቱ ላይ ይንጠባጠባል። ፀጉሯ፣ ሽርጧ፣ የዓይኗ ቆብ ሳይቀር ስብ ስብ ይላል።

በሐሳቧ ግን አንድ ነገር ይዛ ነበር። በዚያ አገር አባወራው ሳይቀምስ እንግዳ ሹካ አያነሳም። ያን እብጠት በገዛ ጣቱ ያወጣ ሰው እንዴት በጉሮሮው ያወርደዋል? ሰው ፊት ሳህኑን ገፋ ያደርጋል፤ ገፋ ያደረገ ዕለት ደግሞ ነገሩ አለቀ፣ ገንፎውን ማንም አይነካውም፣ ወደ እህቷም አይሄድም። እሷ አፏን መክፈት አያስፈልጋትም።

ከሰዓት በኋላ መጡ። ቀድማ የገባችው ከማዶ ያለችው ባልቴት ቤረንዲና ናት፤ ከኋላዋ ድምፁ ደወል የሚያህለው ቶይኒስ፣ ከሁሉም ኋላ የዬነከ ባል ቮልተር፣ ከስቶ፣ ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ።

"አቤት! አቤት!" አለ ቶይኒስ ገና የተሰቀለውን አሳማ ሲያይ። "ላመርት፣ ይኼ አሳማ ነው ወይስ የቄሱ ሚስት?"

"የቄሱ ሚስት ይህን ያህል ስብ ቢኖራት ቄሱ ስብከት ያሳጥር ነበር" አለች ቤረንዲና። ሳቁ ላሞቹን አስበረገገ።

ተራ በተራ እየቀረቡ ጣታቸውን ስቡ ውስጥ ሰኩ። ፍግ የዛቀ ጣት፣ ትንባሆ የጠቀለለ ጣት። ሰክተው እስከየት እንደሚገባ ያያሉ፣ "እስከ አንጓዬ!" ይላሉ፣ ይልሱታል። ለያንዳንዱ ውዳሴ ላመርት በዚያችው ባልታጠበች መለኪያ አረቄ ይቀዳል፤ አንዱ ከንፈሩን ያነሳበት ላይ ሌላው ከንፈሩን ያሳርፋል። የላመርት ፊት እንደ ሙሽራ አባት ያበራል።

"አንቺስ ሴትዮ፣ አታወድሺም?" አለ ቶይኒስ ወደ አሌይዳ ዞሮ።

"ገንፎ ይዤ ነው፣ ጋሼ ቶይኒስ።"

"ገንፎውማ ይምጣ እንጂ!"

ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀመጡ። አሌይዳ የረጋውን ገንፎ ቆራርጣ በስብ ጠብሳ፣ ዳር ዳሩ እስኪቀላ ጠብቃ፣ የፖም ሽሮፕ አፈሰሰችበት። የላመርትን ቁራጭ መርጣ ነው ያቀረበችው፤ ያልተፈጨ ነጣ ያለ ነገር ብቅ ያለበትን። ሳህኑን ፊቱ አድርጋ ቆመች።

"ይቅመሱ፣ አባባ።"

ላመርት ቁራጩን አየ። ቀና ብሎ እሷን አየ። ምን እንዳሰበች ያወቀ መሰላት። ሹካውን አነሳ፤ ያን ነጣ ያለውን መርጦ ቆረሰና አፉ ከተተ። ዓይኑን ከዓይኗ ሳይነቅል ያኝካል። መንጋጭላው ቀስ እያለ ወዲያ ወዲህ ሲሄድ ይታያታል፤ ሲውጥ ማንቁርቱ ወጣ ወረደ። ሁለተኛ ጎረሰ፣ ሦስተኛ። ሽሮፑ ከአገጩ ፂም ላይ ወረደ፤ በእጁ ጀርባ ጠርጎ ላሰው። ሳህኑን በዳቦ ወለወለና ገፋላት።

"ጨምሪልኝ" አለ። "እጅሽ የተባረከ ነው።"

ይህን ሲል እንግዶቹ ሁሉ ሹካቸውን አነሱ።

አሌይዳ ከዚህ በኋላ ዝም ማለት አልቻለችም። "አትብሉት!" አለች፣ ከአሰበችው በላይ ጮኻ። "ጉበቱ መግል ነበረበት። በእጄ ላይ ነው የፈሰሰው። መርማሪው እንዳያየው ደብቀውት ነው።"

ሹካዎቹ ባሉበት ቆሙ። ሄርም አንገቱን ደፋ። ቤረንዲና ብቻ የጎረሰችውን ወደ ጉንጯ ወሸቅ አድርጋ አሰበችበትና ዋጠችው።

"ሆ! ከጉበቱ ነው?" አለች። "እኔ ደግሞ ሳንባውን ነው የጠረጠርኩት።"

ቶይኒስ ጠረጴዛውን እየደበደበ ሳቀ። ላመርትም ሳቀ።

"ልጄ፣" አለች ቤረንዲና፣ በደግነት፣ "አምና ከኔ ቤት የበላሽው ቋሊማ ምን መሰለሽ? የኔው አሳማ ኩላሊቱ አካባቢ ቡጢ የሚያህል ነበረበት። በማንኪያ ነው የጠረግኩት። አንቺ እንደውም ድገሚኝ ብለሽኛል፣ ረሳሽው? እንዲህ ያለውን የሚጥል ማን አለ? ዓመት ሙሉ የለፋሽበትን!"

አሌይዳ አልረሳችም። ቋሊማው ወፍራም ነበር፣ ጥሩ ነበር፤ ደግማ ጠይቃ ጣቷን ልሳለች። አሁን የአምናው ጣዕም እንዳለ ምላሷ ላይ መጣ። ዙሪያዋን አየች። የሚያብረቀርቁ ከንፈሮች ናቸው፤ ያንዱ ከሌላው የማይለይ፣ ሁሉም የሁሉንም የበላ አፍ። እሷም ከመካከላቸው አንዷ ናት።

ላመርት በበኩሉ ተነሥቶ በትልቁ ሳህን የረጋውን ገንፎ በጨርቅ ቋጥሮ ለቮልተር ዘረጋለት። "በል፣ ለአራሷ። ጠብሰህ በትኩሱ ስጣት።"

ቮልተር እጁን ዘረጋ። አሌይዳ ቀድማው ሳህኑን ያዘች።

"አይሄድም።"

"አሌይዳ፣ አታዋርጂኝ" አለ ቮልተር፣ ጆሮው ድረስ ቀልቶ። "ባዶ እጄን ከእርድ ቤት ብመለስ ሰፈሩ ምን ይላል? ዬነከስ? ከጠዋት ጀምሮ በመስኮት ነው የምታየው።"

"የፈለገውን ይበል! ነገ ሚስትህን ሰፈሩ ይቀብርልሃል?"

"ይቀብራል እንጂ" አለች ቤረንዲና፣ እውነቷን ነው። "ሰፈሩ ካልቀበረ ማን ይቀብራል?"

ላመርት ሳቁን ትቶ ነበር። "አስቀምጪው" አለ። "የዚህ ቤት ሳህን ተመልሶ አያውቅም። እኔ ሳልሞት ይህ አይሆንም።"

"አሌይዳ" አለ ሄርም። 

ሳህኑን አቅፋ ወጣች። ግቢው ጭቃ ነው፤ የኅዳር ካፊያ ይወርዳል። ጨርቁን ፈታችና ገንፎውን ፍጉ ላይ ገለበጠችው። አልተበታተነም፤ የሳህኑን ቅርጽ እንደያዘ ዥው ብሎ ወርዶ ተቀመጠ፣ ላዩ እየተንቀጠቀጠ። ቮልተር በሩ ላይ ቆሞ አየ። ባርኔጣውን ደፋ።

"ምን ልበላት?" አለ።

"አሌይዳ ከለከለችኝ በላት። ትቀየመኝ።"

ቮልተር ብስክሌቱን ይዞ ሄደ። ደህና ዋይ አላላትም። ዬነከ ዛሬ ገንፎ አትበላም፤ ይህ ቢያንስ ሆነ። 

ያን ጊዜ ከኋላዋ የአካፋ ድምፅ ሰማች። ላመርት ነው። ንዴቱ በርዶለት ነበር፤ እንዲያውም ተደላድሎ፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው፣ ገንፎውን ከፍጉ ላይ በአካፋ ሥር ሥሩን ፈልቅቆ አነሳው። ጭድና ፍግ ተጣብቆበታል። ወደ ማደለቢያው ወስዶ ለመጪው ዓመት የተገዛችው ትንሽ አሳማ ገንዳ ውስጥ ጣለው። ግልገሏ አፍንጫዋን አስገብታ በችኮላ ትሰለቅጠው ጀመር፤ ጆሮዋ ከደስታ ይርገበገባል።

"አየሽ?" አለ ላመርት፣ በአጥሩ ላይ ደገፍ ብሎ። "ምንም አልባከነም። በሚመጣው ኅዳር ስብ ሆኖ ይመለሳል።"

"እኔ አልበላም።"

"ትበያለሽ" አለ ሽማግሌው። ክፋት አልነበረበትም፤ የአየር ሁኔታ እንደሚናገር ሰው ነው የተናገረው። "ኅዳር ሲደርስ ትርቢያለሽ።"

ከቤት ውስጥ ቶይኒስ ዘፈን ጀምሯል፤ ሹካው ይንኳኳል። ግልገሏ ገንዳውን ልሳ ጨርሳ ቀና አለችና ሌላ እንዲጨመርላት አሌይዳን አየቻት። አሌይዳ የሚመጣውን ኅዳር አሰበች፤ ብርዱን፣ ባዶውን ሆድ፣ ድስት ላይ የሚቀላውን ቁራጭ። እውነትም ይርባታል። ቀኑን ሙሉ፣ መግሉ በእጇ ሲፈስ እንኳ፣ አላስመለሳትም ነበር፤ አሁን ግን አጥሩን በሁለት እጇ ይዛ ጎንበስ አለች።