ወደ ውስጥ የሚተነፈስ አዎ

«እማ፣ የመኪናው ዋጋ ስንት ሲደርስ ነው ‹አይ› የምትይው?»

ነጅሙዲን ይህን የጠየቃት ጅቡቲ፣ ካርቲየ 2 ሰፈር ውስጥ ካለችው የጨርቅና የምንጣፍ ሱቋ በር ላይ ተደግፎ፣ ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ ነበር። ዓቢዳ ሽርጥ እያጠፈች ሰማችው። አጥፋ የጨረሰችውን ፈታችና እንደገና ማጠፍ ጀመረች።

ድሬዳዋ ተወልዳ፣ ጅቡቲ ነግዳ ልጅ ያሳደገች ሴት ናት፤ «አይ» የምትባለው ቃል ግን ከአፏ አትወጣም። ደንበኛ «ቀንሺልኝ» ሲላት ትቀንሳለች። ጎረቤት የተዋሰችውን ድስት ሳትመልስ ሌላ ድስት ብትጠይቃት ትሰጣለች፣ ክዳኑንም ጨምራ። ከሰዓት በኋላ ካርቲየ 6 ሄዳ ማንበብና መጻፍ ትማራለች፤ እዚያም አስተማሪዋ ትርሲት «ገባችሁ?» ስትል ቀድማ «እሺ» የምትለው እሷ ናት። ሳይገባት ነው።

«እኔ እንጃ ልጄ» አለች በመጨረሻ። «ትክክለኛው ዋጋ ላይ ስንደርስ ይታወቀን የለ?»

«በምን ይታወቀናል?»

ሽርጡን ለሦስተኛ ጊዜ አጠፈችው።

ነገሩ የመኪና ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አትጨነቅም ነበር። ነጅሙዲን የሚነዳው የሰው ታክሲ ነው። አብሮ አደጉ ከይረዲን ጂዳ ለሁለት ሹፌር ሥራ አግኝቷል፤ አንዱ ለራሱ፣ አንዱ ለነጅሙዲን። እዚሁ ከተማ ደግሞ አንድ የግል ትምህርት ቤት ተማሪዎች የሚያመላልስለት ሰው ይፈልጋል። መኪናው ግን አዲስ መሆን አለበት፤ ከዱባይ ተጭኖ የመጣ አሮጌ አይቀበልም። ነጅሙዲን ቁርጡን ነግሯታል። «በእጃችን ባለው አዲስ ቫን ከገዛን እቀራለሁ። ካልሆነ ከከይረዲን ጋር እሄዳለሁ። ብድር ውስጥ አልገባም፣ የሰው መኪና እየነዳሁም አላረጅም።»

በእጃቸው ያለው፣ ባሏ ትቶላት ያለፈው፣ ዕቁቧና የሸጠችው አምባር ተደማምሮ፣ ሦስት ሚሊዮን ፍራንክ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ጂዳ ነው።

መጀመሪያ የሄዱት ሐጂ ጀላሉዲን ዘንድ ነበር። ሐጂ መኪና ሲሸጡ የኖሩ፣ ድሬዳዋ መጋላ ያደጉ ሽማግሌ ናቸው፤ አማርኛቸው ከዓቢዳ ይጣፍጣል። ዓቢዳም ለዚሁ ነው የመረጠቻቸው፤ የአገር ሰው አያታልልም ብላ። ያላሰበችው ነገር ሰዓቱን ነው። ጫት ሊገባ ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ ሐጂ አንድ ዓይናቸው እሷ ላይ፣ አንድ ዓይናቸው መንገዱ ላይ ነበር።

«ነጯን ቫን ነው ያየሽው አይደል፣ ዓቢዳ እህቴ? ወላሂ ዓይንሽ ያውቃል። ሦስት ሚሊዮን አራት መቶ ሺህ ናት።»

«እሺ» አለች ዓቢዳ።

«ሙቀቱን ታውቂዋለሽ። መስታወቷን ጠቆር ብናደርገውስ?»

«እሺ።»

«የልጅ እግር ያቆሽሻል። ደህና ምንጣፍ ይነጠፍባት?»

«እሺ።»

«ከላይ ዕቃ መጫኛ?»

«እሺ።»

ሐጂ እያንዳንዷን «እሺ» እንደ ቴምር ለቀም እያደረጉ ነበር። ነጅሙዲን የእናቱን ክንድ ቢጎነትል አልሰማችም። የሰውዬውን አፍ እያየች፣ ጭንቅላቷን እየነቀነቀች በትሕትና ታዳምጣለች።

«በይ እንግዲህ፣ ሁሉም ተደምሮ ሦስት ሚሊዮን ስድስት መቶ ሺህ። መብሩክ፣ እንኳን ደስ አለሽ!» አሉና እጃቸውን ዘረጉ።

«የምን መብሩክ?» አለች ዓቢዳ ደንግጣ።

«ተስማማሽ እኮ!»

«እኔ? መቼ?»

«‹እሺ› አላልሽም?»

«እየሰማሁዎት ነዋ! ‹እሺ› ማለት እሺ ነው እንዴ?»

ሐጂ ጀላሉዲን ወደ ነጅሙዲን ዞሩ። «አቦ፣ ይቺን እናትህን ንገራት!» ነጅሙዲን ግን ቀድሞ እናቱን ክንዷን ይዞ ወደ በሩ እየጎተታት ነበር። ደግነቱ የጫት መኪናዋ ጡሩምባ ከመንገዱ ተሰማና ሐጂ ሁለቱንም ረሷቸው።

ምኒልክ አደባባይ ጥላ ፈልገው ተቀመጡና ነጅሙዲን ሁለት የማንጎ ጭማቂ አዘዘ። የሱን በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው።

«እማ፣ ሌላ ቦታ አንድ አለ። ፈረንሳይኛ እኔ አወራለሁ። አንቺ አደራሽን ‹እሺ› እንዳትይ።»

«እሺ።»

«እማ!»

«አልልም አልኩህ። ዝም እላለሁ።»

ዝም ልትል ወስና ነበር የሄደችው፣ ከልቧ። ሁለተኛው መሸጫ ወደ ወደቡ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፤ ማቀዝቀዣው ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ሻጩ ኒዛር የሚባል፣ ከቱኒስ የመጣ ገና አዲስ ሰው ነው፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ፀጉሩ የተቀባ። ዓቢዳን ሲያይ ወንበር ሳበላት። ከየመን ነጋዴዎች የለመደችው የገበያ ዐረብኛ እንዳላት ሲያውቅ ደግሞ ነጅሙዲንን ከነፈረንሳይኛው ትቶ ወደ እሷ ዞረ።

«ያ ሐጃ» አለ በአክብሮት፣ «አንቺ እናቴ ነሽ፤ አላደክምሽም። ይቺ ቫን ከነምንጣፏና ከነዕቃ መጫኛዋ ሦስት ሚሊዮን አራት መቶ ሺህ።»

ዓቢዳ «እሺ» አላለችም። ቃሏን ጠበቀች። ሰው ሲያናግራት ግን እንዳልሰማ መቀመጥ ነውር ሆነባት። አፏን ከፈት አደረገችና አየር ወደ ውስጥ ሳብ አደረገች፤ ህእ! እንደዚያ አጭር፣ እንደዚያ ፈጣን። «አዎ፣ ገብቶኛል፣ ቀጥል» ማለት ነው። እናቷም፣ የእናቷም እናት እንዲሁ ነበሩ።

ኒዛር ግን ክው አለ። ወንበሩ ላይ ተስተካከለ። «አይዞሽ፣ አይዞሽ፣ ያ ሐጃ! የመጨረሻ ዋጋ አልኩሽ እንዴ? ሦስት መቶ እናድርገው። ሦስት ሚሊዮን ሦስት መቶ።»

ዓቢዳ እንዲህ ያለ ደግ ሰው አይታ አታውቅም። ህእ!

«ሁለት መቶ!» አለ ኒዛር፣ የሚጠጣ ውሃ እያቀረበላት። «ደም ግፊት አለብሽ?»

ነጅሙዲን ነገሩ ገባው። ሳቁ እንዳያመልጠው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ዓቢዳ ልጇ የሚያለቅስ መሰላት። ጂዳን ያስባል አለች በሆዷ።

«ሦስት ሚሊዮን አንድ መቶ ሺህ» አለ ኒዛር፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ህእ!

በዚህኛው ኒዛር አልተነቃነቀም። እጁን ደረቱ ላይ አደረገና ዝም አለ። ማቀዝቀዣው ብቻ ያጉረመርማል። ዓቢዳ ጠበቀች። ልጇን አየችው፤ አሁን ትከሻው ቆሟል። አንድ መቶ ሺህ። ከነጅሙዲንና ከጂዳ መሀል የቀረው ይሄ ነው፤ ከየትም አይመጣም።

የጠዋቱ ጥያቄ ትዝ አላት። ስንት ሲደርስ ነው? እንግዲህ አሁን ነው። መዳፏን በሻሿ ጫፍ ጠረገች፣ ከወንበሯ ብድግ አለች፣ ጉሮሮዋን ጠራረገችና በዕድሜዋ ሙሉ ስትሸሸው የኖረችውን ቃል ጥርት ባለ አማርኛ አወጣችው።

«አይ!»

የኒዛር ፊት እንደ ረመዳን ጨረቃ በራ። «መብሩክ!» ብሎ ዘለለ። «አልፍ መብሩክ ያ ሐጃ!» እጇን በሁለት እጁ ይዞ ያወዛውዘዋል፤ ማዶ ላለው ልጅ ቁልፍ እንዲያመጣ ይጮኻል፤ ነጅሙዲንን ይስመዋል።

ዓቢዳ ቀዝቅዛ ቀረች። «ምን አጠፋሁ?» አለች ለልጇ። «‹አይ› አልኩት እኮ! አንዴ ብል፣ እሷም አልሠራች?»

ነጅሙዲን ከዚህ በላይ አልቻለም። ወንበሩን ይዞ፣ እንባው እየወረደ ሳቀ። ቱኒስ ውስጥ ሰው «አዎ» ሲል «ኤይ» ነው የሚለው፤ ታክሲው ላይ ከጫናቸው ቱኒዚያውያን ሰምቷል። ሳቁ ጋብ ሲልለት ለሁለቱም አስረዳቸው፣ ለአንዱ በፈረንሳይኛ፣ ለሌላዋ በአማርኛ። ትንፋሹ ድንጋጤ ሳይሆን አዎ ነበር። «አይ» ደግሞ አይ ነበር።

ኒዛር መጀመሪያ አላመነም። ቀጥሎ ቁጭ አለ። ቀጥሎ እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ።

«ማለት… ስትስማማልኝ ነበር የምቀንሰው?»

«በመጀመሪያው ዋጋም ተስማምታልህ ነበር» አለ ነጅሙዲን።

«እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ ስንቱ ሐበሻ ነው እንዲህ የተነፈሰብኝ! አንዱንማ ሐኪም ልጠራለት ነበር!»

ዓቢዳ ግን አልሳቀችም። ፊቷ በሐፍረት ጋለ። «ልጄ፣ አታለልኩህ» አለችው በዚያች የገበያ ዐረብኛዋ። «ሳላውቅ ነው። ከተጎዳህ ንገረኝ፣ ሐራም አልበላም።»

ነጅሙዲን ሳቁን ዋጠ። አሁን ሁሉንም ልታበላሸው ነው ብሎ አሰበ።

ኒዛር ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋ። «ያ ሐጃ» አለ፣ «ሻጭ ሲጎዳ ድምፁ እስከ ወደቡ ይሰማል። የመጨረሻውን ስትተነፍሺ ዝም አላልኩም? ከዚያ በታች እስቲ እንነጋገር፤ በሁለታችንም ቋንቋ አይሁን እንጂ። እኔ ዋጋ እጠራለሁ፣ አንቺ በቁርዓን ቋንቋ፣ ስትስማሚ ‹ነዓም›፣ ሳትስማሚ ‹ላ› በይኝ። ሌላ ድምፅ እንዳታወጪ።»

«ነዓም» አለች ዓቢዳ።

«ሦስት ሚሊዮን አንድ መቶ።»

«ላ።»

ያቺ ቃል ወጣች። እንዲህ ቀላል ነች እንዴ? በሰው ቋንቋ ስትሆን ምንም አታምም።

«ሰማንያ።»

«ላ።»

«ምንጣፉን አንስቼ፣ ሃምሳ።»

«ላ! ምንጣፍ እኔ ራሴ እሸጣለሁ።» አሁን መጣፈጥ ጀምሯታል። አገጯም ቀና ብሏል። ነጅሙዲን እናቱን እንደማያውቃት ሰው ነበር የሚያያት።

ኒዛር ማዶ ቢሮ ውስጥ ወደተቀመጠው አለቃው ተመለከተ፣ ተመልሶ እሷን ተመለከተ፣ ቀስ ብሎም ተናገረ። «ሦስት ሚሊዮን። ምንጣፍ የለም፣ ዕቃ መጫኛ የለም፣ ከዚህ ብወርድ ቱኒስ በእግሬ ነው የምገባው።»

ዓቢዳ ‹ነዓም› ልትል ነበር። ቃሉ ግን ጠፋባት፤ ዐረብኛው ሁሉ ብን አለ። ህእ!

ኒዛር በሁለት እጁ ጠረጴዛውን ያዘ። «ይሄኛው የትኛው ነው? ድንጋጤው ነው አዎው?»

«አዎው! አዎው ነው!» አለ ነጅሙዲን።

በማግሥቱ ክፍል ውስጥ ዓቢዳ እጇን አወጣች። ትርሲት ተገረመች፤ ዓቢዳ ጠይቃ አታውቅም።

«የኔ እህት፣ ይሄ ህእ! የምንለው አዎ በየትኛው ፊደል ነው የሚጻፈው?»

ትርሲት ጠመኔዋን ይዛ ወደ ሰሌዳው ዞረች። «ሀ» ጻፈችና አጠፋች፣ «እ» ጻፈችና አጠፋች። ክፍሉ ሁሉ እየሞከረ፣ ህእ፣ ህእ፣ እንደ ዋናተኛ ሲተነፍስ ቆየ። «ፊደል የለውም» አለች ትርሲት በመጨረሻ። «ወደ ውስጥ የሚገባ ድምፅ አይጻፍም መሰለኝ።»

«ገባችሁ?» ስትል ታዲያ ዓቢዳ «አልገባኝም» አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

አዲሷ ቫን ተማሪ ከመጫኗ በፊት የጫነችው ከይረዲንን ነው። የጂዳ በረራው በጠራራ ፀሐይ ነበር። ዓቢዳ ከኋላ፣ ከሱቋ ባመጣችው ቀይ ምንጣፍ ላይ እግሯን ሰብስባ ተቀመጠች፤ ለመንገዱ ብላ የጠበሰችው ሳምቡሳ ጭኗ ላይ ነበር። ሁለቱ ልጆች ከፊት ሆነው እስከ አምቡሊ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ በአሮጌ ታሪክ እየተሳሳቁ ሄዱ። እሷ ሳቃቸውን እየሰማች ሌላ ነገር ታሰላስላለች። የሚቀረው ለኔ ብሎ ቢሆንስ? አንድ ቀን ይሄን መሪ ይዞ ጂዳ ጂዳ ቢለውስ?

ከይረዲን ሻንጣውን አወረደ። ሳምቡሳውን ተቀበለ፣ የዓቢዳን ግንባር ሳመ። ነጅሙዲንን አቅፎት ቆየና «አቦ፣ ቪዛህ እኮ አልተቃጠለም። ና ዝም ብለህ» አለው፣ እየቀለደም፣ እየለመነም።

«አይ» አለ ነጅሙዲን። አጠገባቸው ቱኒዚያዊ አልነበረም፤ ቃሉም ምን እንደሆነ ሁሉም ሰማው።

ከይረዲን በመስታወቱ በር ከገባ በኋላ እናትና ልጅ ቫኗ ጥላ ሥር ቆሙ። አውሮፕላኑ ገና አልተነሣም።

«ነጅሙ» አለች ዓቢዳ፣ ዓይኑን ሳታይ። «እውነቱን ንገረኝ። ወደህ ነው?»

ነጅሙዲን አፉን ከፈት አድርጎ አየሩን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገ፤ አጭር፣ ፈጣን፣ ልክ እንደሷ። ከዚያ የኋላውን በር ከፈተላት፤ እሷ ግን ዞራ ከፊት ተቀመጠች።

ከይረዲን ሄደ። ነጅሙዲን ቀረ።