ድንኳኑ የተነሳበት ማታ

“ካስማውን ቀስ አድርጋችሁ ንቀሉት፤ ነገ ጠዋት መልሰን እንተክለዋለን” አሉ ጋሽ ገሠሠ።

የሰፈሩ ዕድር ዳኛ ናቸው። ድንኳን ማስተከልና ማስነቀል የኖሩበት ሥራ ነው፤ ሰልስት ሳይወጣ ሲያስነቅሉ ግን ይህ የመጀመሪያቸው ነበር። ጎረምሶቹም ነገሩ አልዋጥ ብሏቸው ገመዱን የሚፈቱት ቀና ሳይሉ ነው። አግዳሚ ወንበሮቹ፣ ትልልቆቹ ብረት ድስቶች፣ የዕድሩ ስም በቀይ ቀለም የተጻፈባቸው ሳፋዎች ሁሉ በጓሮ በኩል ወደ ጎረቤታቸው ወደ እትዬ ሀጂራ ግቢ ተሻገሩ።

ጂጂ በረንዳው ላይ ቆማ ታያለች። ሸራው ተጠቅልሎ ሲነሳ ከሥሩ የወጣው መሬት ደረቅ ነበር። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ግቢው ጠቁሯል፤ ድንኳኑ የነበረበት ቦታ ብቻ ነጣ ብሎ፣ ጠርዙ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል፣ አራት ማዕዘን ሆኖ ቀርቷል።

“ይሄ ያስታውቃል” አለች።

“የቱ?”

“ደረቁ መሬት። አማኑ በሩን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።”

ጋሽ ገሠሠ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቦታውን ተመለከቱት። “ውሃ አጠጪው እንግዲህ” አሉ።

ጂጂ በጀሪካን እያመላለሰች መሬቱን አጠጣች። ዳርና ዳሩ ላይ ተጠንቅቃ፣ ጥቁሩና ነጩ እስኪመሳሰል ድረስ። ከዚያ የካስማዎቹን ጉድጓዶች አፈር ሞልታ በእግሯ ጠቀጠቀች። የተጠቀጠቀ አፈር የሚያሰማውን ድምፅ ትናንት መቃብሩ አጠገብ ሰምታዋለች። የቀሩትን ጉድጓዶች በእጇ ነው የደፈነቻቸው።

አማኑ ታላቅ ወንድሟ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሊፈተን ከጓደኞቹ ጋር በአውቶቡስ ተጭኖ ሌላ ከተማ ወዳለ ዩኒቨርሲቲ ከሄደ ሰንብቷል። ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ስለሆነ ስልኩን ቤት ትቶት ነው የሄደው። እሱ በሄደ ማግስት የሁሉም ታናሽ የሆነችውን ቤዚን አተኮሳት። ወባ ነው ተባለ። መድኃኒት ጀመረች፤ ተሻላት፤ እንደገና ባሰባት። ከዚያ ወባው ወደ ጭንቅላቷ ወጥቷል ተባለ። አማኑ ዛሬ ማታ ይመጣል፤ የሚያውቀው ነገር የለም።

ነገሩ የተመከረው ትናንት ከቀብር መልስ፣ ቤት ውስጥ፣ በሹክሹክታ ነበር።

“ከአውቶቡስ ሲወርድ ተቀብለን ለምን አንነግረውም?” አሉ ከአርሲ ነገሌ ለለቅሶው የመጡት የአባቷ እህት፣ አዳዳ ዲንቄ።

“መርዶ መንገድ ላይ አይነገርም፤ ማታም አይነገርም” አሉ ጋሽ ገሠሠ። “ልጁ ይግባ፣ ይብላ፣ ይረፍ። ጎህ ሲቀድ እንመጣለን፤ ጎረቤቱም ይሰበሰባል። ግራና ቀኝ ይዘን እናረዳዋለን። እንዲህ ያለ ነገር ሰው ብቻውን አይሰማም።”

“እናቱ ይህን ፊት ይዛ እንዴት ትቀበለው?” አሉ አዳዳ ዲንቄ።

ሁሉም ወደ እናትየዋ ወደ ዘውድነሽ ዞሩ። ፊቷ ተቧጭሯል፤ ድምፅዋ ተዘግቷል። እትዬ ሀጂራ ክንዷን ያዝ አድርገው “እሷ እኔ ጋ ታድራለች” አሉ። “ዲንቄም እንደዚሁ። ቤቱ ለቅሶ ቤት እንዳይመስል።”

“እኔ ልጄን መዋሸት አልችልም” አለ ኢተፋ፣ አባትየው። “ዓይኔን አይቶ ያውቅብኛል።”

ያን ጊዜ ሁሉም ጂጂን አዩ።

“እችላለሁ” አለች።

ከቤት ሲወጡ እናቷ እጇን ይዛ ወደ ጆሮዋ ተጠጋች። “ካንቺ አፍ እንዳይሰማ፣ እሺ? ሽማግሌዎቹ ይንገሩት። አንቺ ልጅ ነሽ። ወንድሜን ያረዳሁት እኔ ነኝ እያልሽ እንድትኖሪ አልፈልግም። ማይልኝ።”

“ማርያምን” አለች ጂጂ።

ግቢው ካለቀ በኋላ የቀረው መኝታ ቤቱ ነበር። ለአማኑ የሚነገረው እማዬና ቤዚ ሁሩታ፣ አክስታቸው ቤት ክርስትና ሄደዋል ተብሎ ነው። እንዲያ ከሆነ ቤዚ የምትወስደው ነገር ከቤት መጉደል አለበት። ጂጂ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አሰበች። ጥርስ ብሩሿ፤ እሱ መሄድ አለበት። የእሑድ ቀሚሷ። ነጠላ ጫማዋ አይሄድም፤ ክርስትና የሚኬደው በተዘጋ ጫማ ነው። ደብተሮቿ ይቀመጡ፤ ክረምት ነው፤ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳለች። አንዱን በአንዱ ላይ አጥፋ በፌስታል ስትከት፣ ቤዚ አጠገቧ ቆማ “እሱን አይደለም፣ ሌላኛውን!” እያለች የምትነዛነዛት መሰላት።

አልጋው የሁለቱም ነበር። ቤዚ መሐል ለመሐል ትራስ አጋድማ ድንበር ነው ብላ ነበር። የጂጂ ክርን ድንበሩን ካለፈ በእግሯ ትመልሰዋለች፤ እሷ ራሷ ግን በየሌሊቱ ተንከባልላ ከዚህ ወገን ታድርና ጠዋት “ስበሽኝ ነው” ብላ ለእማዬ ታሳብቃለች። ማሳበቅ ሥራዋ ነበር። ማን ሻይ ላይ ስኳር እንደጨመረ፣ ማን ሳይታጠብ እንደተኛ፣ አባዬ ከማን ጋር ቆሞ እንዳወራ። ጂጂ ስንት ጊዜ “ምናለ አንድ ቀን እንኳ ብትጠፊልኝ!” ብላታለች። ቤዚ ካለፈች ጀምሮ የምትተኛው ከትራሱ ወዲህ ነው። ከትራሱ ወዲያ ያለው አንሶላ አልተጨማደደም።

ፌስታሉን ይዛ በጓሮ ወደ እትዬ ሀጂራ ቤት ስትሻገር እናቷ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። ጂጂ ፌስታሉን ከጀርባዋ ለመደበቅ ሞከረች።

“የማን ነው?”

“የ… የቤዚ። ሁሩታ ሄዳለች ስለምንል፣ አማኑ ዕቃዋን እንዳያይ ብዬ ነው።”

እናቷ ፌስታሉን ተቀብላ ከፈተች። ቀሚሱን አወጣች፤ መልሳ አስገባች። ግንባሯ ተኮማተረ።

“ሹራቧንስ?”

“እ?”

“ሹራቧን አልያዝሽላትም። ሁሩታ እኮ ይበርዳል።”

እትዬ ሀጂራ ከወዲያ “ያ ረቢ!” ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ጂጂ ወጣች። ቤት ገብታ ሹራቡን ፈልጋ፣ አጥፋ፣ አመጣችላት።

አማኑ የገባው መሸት ሲል ነው። ከስቷል፤ ቦርሳውን በአንድ ትከሻው አንጠልጥሎ ያጠጣችውን መሬት ረግጦ አለፈ። አላየውም።

“በጋ ነጋን ገልቴ” አለ ኢተፋ በረንዳው ላይ። እንኳን በሰላም መጣህ ማለቱ ነው፤ ሁልጊዜ አፉን በፈታበት በኦሮምኛ ነው የሚለው። ልጁን አቀፈው፤ ከሚገባው በላይም ያዘው። ከዚያ ፊቱን ሳያሳይ “ዳቦ ልግዛ” ብሎ ወጣ።

“አባዬ ምን ሆኗል?”

“ጉንፋን ይዞት ነው” አለች ጂጂ። “ና ብላ። ምግቡ እንዴት ነበር?”

“የምን ምግብ? ምስር ወጥ ነው ይሉናል፤ ምስሩን የሚያወጣ ዋናተኛ ያስፈልጋል።” ጫማውን እያወለቀ ሳቀ። “ፍተሻውን ብታዪ ደግሞ! ቀበቶዬን አስፈቱኝ። ከፊቴ የነበረውን አፍሮ ልጅ፣ ጸጉሩ ውስጥ ስልክ አለ ብለው በማበጠሪያ ፈተሹት። ሐሳቡ ቀድሞ መጥቶለት ቢሆን ኖሮ እውነትም ይደብቅ ነበር።” ዙሪያውን በዓይኑ ቤዚን ፈለገ። “ዳይሬክተሯስ? እንዴት ሮጣ አልመጣችም?”

ጂጂ ዓረፍተ ነገሩን ከጠዋት ጀምሮ አጥንታዋለች። “ከእማዬ ጋር ሁሩታ ሄደዋል። የአክስታችን ልጅ ክርስትና ይነሳል። ነገ ይመጣሉ።”

“እኔ ስመጣ ነው የሚሄዱት? ቆይ ብቻ!” እንጀራውን እየቆረሰ ዳይሬክተሯን ይከስ ጀመር። ክረምቱ ሳይገባ ጀምሮ ያስጠናችው ቤዚ ናት። የተገለበጠ ባልዲ ላይ ትቀመጥና መጽሐፉን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ የማታውቀውን ቃል ሁሉ በኃይል እያነበበች ትጠይቀዋለች። ከሳተ “እጅህን ዘርጋ!” ብላ በማስመሪያ ትመታዋለች።

“ባዮሎጂ ላይ ማይቶኮንድሪያ መጣልሽ” አለ አማኑ። “እሷ ‘ማቶ ኮንድራ’ የምትለው። ታምኚኛለሽ? ልክ ሳነበው ድምፅዋን ሰማሁት። ከጀርባዬ፣ እዚህ ጋ። ዞር ብዬ ሁሉ አየሁ። ፈታኙ ‘ወደፊት!’ ብሎ ጮኸብኝ፤ እኔ ደግሞ ሳቄ መጣ።”

“ባዮሎጂ መቼ ነበር?” አለች ጂጂ።

“ከትናንት ወዲያ። ጠዋት።”

ከትናንት ወዲያ ጠዋት ጂጂ የቤዚን እግር ይዛ ነበር። እየቀዘቀዘ ሲሄድ ካልሲ ልታደርግላት ሞክራለች። “እኔ ውሃ ላምጣልህ” ብላ ተነሳች፤ ጓዳ ገብታ ባዶውን ብርጭቆ ይዛ ቆየች።

ስትመለስ የቆርቆሮው በር ከታች በኩል ድም አለ። ቤዚ በር አታንኳኳም፤ በእግሯ ነው የምትመታው። ሁለቱም ዞሩ።

“መጡ!” ብሎ አማኑ በባዶ እግሩ ሮጠ። ጂጂም ሳታስበው ልቧ ከእሱ ጋር ሮጠ፤ እስከ በሩ ድረስ አብሮት ደረሰ። አማኑ ከፍቶ ወዲያና ወዲህ አየ። “ንፋስ ነው” አለና ዘጋው። “ስልኬን ስጪኝ እስኪ፤ ልደውልላቸው።”

“ኔትወርክ የለም። ሞክሬያለሁ።”

“ሁሩታ ኔትወርክ የለም?”

“ከዝናቡ ነው መሰለኝ።”

አማኑ ስልኩን ተወው። ከዚያ በረንዳው ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። አውቶቡሱ መንገድ ላይ እንዴት እንደተበላሸ፣ ልጆቹ ወርደው ሲገፉ ሾፌሩ እንዴት እንደተኛ ይተርክ ጀመር። ጂጂ ከውስጥ እየሰማች ትስቅለታለች። የገዛ ሳቋ ለጆሮዋ ደህና ነበር፤ የሌላ ሰው ሳቅ መሰላት እንጂ። ይህ ካለፈ የሚቀረው መኝታ ነው፤ ከዚያ ይነጋል፤ ጋሽ ገሠሠ ይመጣሉ። ንፋሱ ስለበረደ ከምስማሩ ላይ ነጠላዋን አንስታ ጣል አደረገችና ወጥታ አጠገቡ ተቀመጠች።

“…ሾፌሩ ብድግ ብሎ ‘ማነው የቀሰቀሰኝ?’ ሲል…” አማኑ ወደ እሷ ዞሮ እየሳቀ ነበር። አፉ እንደተከፈተ ቀረ።

“ምነው?” አለች።

“ነጠላሽ።”

ጂጂ ጎንበስ ብላ አየች። ጥለቱ ታች፣ ጫፉ ላይ አልነበረም። ወደ ላይ ተገልብጦ አንገቷ ላይ ነበር፤ በሐዘን ጊዜ እንደሚለበሰው። ጉድጓዱን ደፍናለች፤ መሬቱን አጠጥታለች፤ ሹራቡን ሳይቀር አስባለች። እጆቿ ግን ነጠላውን ሲያነሱ ማንንም ሳይጠይቁ ሰሞኑን የለመዱትን አደረጉ። ልታዞረው ጀመረች፤ እንደማይረባ ሲገባት ለቀቀችው።

አማኑ ግቢውን አየ። የታጠበውን በረንዳ፣ የተዘጋውን የእናቱን ክፍል፣ አባቱ ዳቦ ልግዛ ብሎ የወጣበትን በር። ከንፈሩ ነጣ።

“እማዬ ናት” አለ። “አይደል? እማዬ ናት።”

“አማኑ…”

“ለዚህ ነው ኔትወርክ የለም ያልሽኝ። ለዚህ ነው አባዬ…” ጉልበቶቹን አቅፎ መወዛወዝ ጀመረ። “ሳትሰናበተኝ? ጂጂ፣ እኔ እኮ ስሄድ እንኳ በደንብ አልሳምኳትም፤ አውቶቡስ ያመልጠኛል ብዬ…”

ጂጂ ማርያምን ብላለች። ዝም ብትል እስኪነጋ እናቱን ሲቀብር ያድራል። አፏን ብትከፍት ደግሞ ከዚህ ቃል ቀጥሎ የሚመጣውን ታውቀዋለች።

“እማዬ ደህና ናት” አለች። “በሕይወት አለች። እትዬ ሀጂራ ቤት ናት፣ እዚህ፣ ከአጥሩ ወዲያ።”

“ማይ።”

“ማርያምን።”

አማኑ ፊቱን በሁለት እጆቹ ሸፈነ። ትከሻው ወረደ። “ተመስገን” አለ። “ኧረ ተመስገን አምላኬ! ገደልሽኝ እኮ፣ አንቺ ልጅ!” እያለቀሰ ሳቀ፤ ትከሻዋን በቡጢ ገፋ አደረጋት፤ እንደገና “ተመስገን” አለ። ጂጂ አላቋረጠችውም። የፈለገውን ያህል ይሳቅ ብላ ፊቱን ብቻ ታየው ነበር።

ሳቁ ቀስ በቀስ አለቀ። ዓይኖቹን በእጅጌው ጠረገ። ከእጅጌው በላይ እንደገና ወደ አንገቷ፣ ወደ ጥለቱ ተመለከተ።

“ታዲያ ይሄ ለማነው?”

ስሙ ጥርሷ ድረስ መጣ። ከአፏ እንዳይሰማ ቃል ገብታለች። ብድግ ብላ ቆመች፤ ቀኝ እጇን ከነጠላው ውስጥ አወጣች፤ መዳፏን ወደ መሬት ዘርግታ ከጎኗ፣ ከወገቧ ትንሽ ከፍ ብሎ አየር ላይ አቆመችው።

አማኑ እጇን አላየም። ከመዳፏ ሥር ያለውን ባዶ ቦታ ነበር የሚያየው።

ጂጂ እጇን ጥቂት ከፍ አደረገች። ቤዚ በዚህ ዓመት ቁመት ጨምራ ነበር።