ዲስኩን ማን አቃጠለው?

ጋሽ ሰይፈሥላሴ ማዳበሪያውን ከጋራዡ እስከ መለዋወጫ ሱቁ ራሳቸው ተሸከሙት። ልጃቸው ወለተሐና «አባዬ፣ አንድ ጎኑን ልያዝልህ» ብትል «የሰባት ወር እርጉዝ ብረት አትሸከምም!» ብለው ጮኹባት። ቁጣቸው ለሷ አልነበረም። ግን ካለፈው እሑድ ጀምሮ ሲጠራቀም የከረመ ነገር ነው፤ ለደረሰው ሁሉ ይፈናጠቃል።

ሱቁ ሲገቡ ማዳበሪያውን ባንኮው ላይ ገለበጡት። ሁለት የፍሬን ዲስኮች እየተንኳኩ ወጡ።

«ይሄ ዲስክ ነው ወይስ የቢራ ቆርኪ?» አሉ። «እስቲ ንገሪኝ! በአንድ ዓመት ሦስት ጥንድ! መኪና ነው የምነዳው ወይስ ዲስክ ነው የምቀልበው?»

የሱቁ ባለቤት መሊካ ዓወል ሻይዋን አስቀመጠች። የአልዩ አምባ ልጅ ናት፤ ሱቁን የወረሰችው ከአባቷ ነው። እሑድ ጠዋት በደብረ ብርሃን ከተከፈቱት ጥቂት የመኪና ዕቃ ሱቆች አንዱ የሷ ነው።

«ሰላም አደሩ፣ ጋሽ ሰይፉ?»

«ሰላም አላደርኩም!»

እውነታቸውን ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ ሰላም አላደሩም። ወለተሐና አልዩ አምባ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነች። እሑድ እሑድ አባቷ በኮሮላቸው ያወርዷታል፣ ዓርብ ሄደው ያመጧታል። ያለፈው እሑድ ታዲያ አንኮበርን አልፈው ቁልቁለቱን ሲያጋምሱ የተቃጠለ ነገር ሸተታቸው። ወዲያው ፍሬኑ እግራቸው ሥር ሟሟ፤ ቢረግጡት ወለል ነካ እንጂ መኪናዋን አልያዘም። በግራ ገደል ነው፣ በቀኝ የተራራው ግድግዳ። መሪውን ወደ ግድግዳው ጠመዘዙና መኪናዋ አፈሩን ተደግፋ ቆመች። ወለተሐና ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ወረደች። ከኋላ በመጣ አይሱዙ ላይ ስትሳፈር ዞር ብላ «አባዬ፣ ይሄ ነገር ካልተስተካከለ እኔ ከነልጄ ካንተ ጋር አልወርድም» አለቻቸው። ዓርብ የመጣችው በሰው መኪና ነው።

በሰው መኪና! አባት እያላት! ጋሽ ሰይፈሥላሴ ይሄን ሊቀበሉት አልቻሉም። መኪናዋን አስጎትተው አምጥተው፣ የጎበጠውን አስቃንተው፣ ዛሬ ከሰዓት ልጃቸውን ይዘው ለመውረድ ቆርጠዋል። የቀረው ዲስኩ ብቻ ነው። እንግዲህ የተቃጠሉትን የሸጠችላቸውን ያቺን ሸፋጭ ሴትዮ ማፋጠጥ ነበረባቸው።

«ሠላሳ ዓመት የብርድ ልብስ ፋብሪካ ዕቃ ግምጃ ቤት ጠብቄያለሁ» አሉ ባንኮውን እየጠበጠቡ። «ፎርጅድ ዕቃን ገና በጠረኑ አውቃለሁ። ዛሬ ኦሪጅናል ታመጫለሽ፣ እኔ አያለሁ።»

መሊካ ሦስት ጥንድ አውርዳ ደረደረች። ጋሽ ሰይፈሥላሴ የቤታቸውን ቁልፍ አውጥተው እያንዳንዱን ኳ እያደረጉ ጆሯቸውን አስጠጉ።

«ይሄኛው የጃፓን ነው» አለች መሊካ። «ያ የቻይና። ይሄ የመሐሉ ኦሪጅናል ዱባይ።»

«ምን ዱባይ?»

«ኦሪጅናል ዱባይ።»

«ወይ ጉድ! ዱባይ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ዲስክ የምትሠራው? ነገ ደግሞ ኦሪጅናል ፎርጅድ ትይኛለሽ!»

«ስሙን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም፣ ጋሽ ሰይፉ። በዱባይ በኩል ስለሚገባ ገበያው እንዲህ ነው የሚጠራው። ብረቱ ግን ጥሩ ነው፤ መሐሉ ክፍት ስለሆነ አየር ያስገባል፣ ቶሎ ይበርዳል።»

«አየሩን ለራስሽ! የጃፓኑን ጠቅልይልኝ።»

መሊካ የጃፓኑን ዲስክ አንስታ ወደ መደርደሪያው መለሰችው።

«አልሸጥልዎትም።»

ጋሽ ሰይፈሥላሴ የሰሙትን ማመን አቃታቸው። በዕድሜያቸው ሻጭ ዋጋ ሲቆልል፣ ሲያጭበረብር፣ ሲምል ሲገዘት አይተዋል፤ ገዢ ገንዘቡን ይዞ ቆሞ አልሸጥም የሚል ነጋዴ ግን አላጋጠማቸውም።

«አልሸጥልዎትም? ለእኔ? ለማን ልታስቀምጪው ነው? ለባለሥልጣን? ወይስ ኮሮላ ለጃፓን ዕቃ አይመጥንም ተባለ? ኧረ በሕግ አምላክ!»

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች መሊካ። «ከአንኮበር ወደ እኛ አገር ሲወርዱ በስንተኛ ማርሽ ነው የሚወርዱት?»

ጋሽ ሰይፈሥላሴ ቀና አሉ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ደስ ይላቸዋል።

«በፍሪ ነዋ! ቁልቁለት እኮ የእግዜር ስጦታ ነው። ስድስት ሰዓት ሙሉ ሰልፍ ላይ ተገትሬ የቀዳሁትን ነዳጅ ቁልቁለት ላይ ላቃጥለው? ማርሹን ፍሪ አደርግና፣ ፍሬኔን ያዝ ለቀቅ እያደረግሁ፣ አልዩ አምባ ድረስ እንደ ውሃ ነው የምፈሰው። ይቺ ልጄ ትመስክር፤ ገና ከአንኮበር እንደወጣን እንቅልፍ ነው የሚወስዳት። አነዳዴ እንዲህ ነው!»

መሊካ ከተቃጠሉት ዲስኮች አንዱን አንስታ ወደ ብርሃኑ አዞረችው። ዙሪያውን ሰማያዊ ቀለበት ይዟል፣ ላዩ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች አሉ።

«ይሄን ሰማያዊ ያዩታል? ይሄ የእሳት ምልክት ነው። ማርሽ ቢያስገቡ ሞተሩ ሊይዝልዎት የሚችለውን ክብደት ፍሬኑ ላይ ብቻ ጭነውት ነው። ያለፈው ጥንድም እንዲሁ ሆኖ ነው የመጣው። የጃፓኑን ብሸጥልዎት በሦስት ወር ውስጥ በዚሁ ማዳበሪያ ይዘውት ይመጣሉ። እሱስ ግድ የለም፣ ይስደቡኝ። ሳይመጡ የቀሩ እንደሆነስ?»

«አፍሽን ያዢ!» አሉ ጋሽ ሰይፈሥላሴ። ፊታቸው ቀላ። «ዕቃሽ ፎርጅድ ሆኖ እኔን ትወቅሻለሽ! አንቺ ነሽ መንዳት የምታስተምሪኝ?»

«እኔ አይደለሁም። አባቴ፣ አላህ ይርሐመውና፣ ያንን ቁልቁለት ሃያ ስድስት ዓመት በአይሱዙ ወርዶበታል። በወጣህበት ማርሽ ውረድ ይል ነበር።»

ጋሽ ሰይፈሥላሴ ወደ ልጃቸው ዞሩ። ሰው በተበደለ ጊዜ የሚዞረው ወደ ወገኑ ነው።

«ወለቴ! ቆመሽ ትሰሚያለሽ? ንገሪያት እንጂ! አባትሽ መንዳት አይችልም?»

ወለተሐና ከበሩ ሥር ካለው ጎማ ላይ ተቀምጣ ነበር። ቀስ ብላ ተነሣች።

«አባዬ፣ እኔ እኮ ተኝቼ አላውቅም።»

«ምን?»

«መኪናው ውስጥ። ማርሹን ፍሪ ስታደርገው ዓይኔን እጨፍናለሁ። ገደሉን ላለማየት ነው። አንተ የተኛሁ ይመስልሃል፤ ‹ልጄን ሥራ ደክሟታል› እያልክ ለእማዬ ትነግራታለህ።»

«እና … ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሁለት ጊዜ ነገርኩህ። ‹እኔ መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት አንቺ ሳትወለጂ ነው› አልከኝ።»

ብለዋል። ቃል በቃል እንዲህ ነው ያሉት። ጋሽ ሰይፈሥላሴ የሚቆጡት ሰው ፈለጉ፤ መሊካን አዩ፣ ዲስኩን አዩ፣ እጃቸው ላይ ያለውን ቁልፍ አዩ። ማንንም አላገኙም። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚባለውን ተረት ስንት ጊዜ በሰው ላይ ተርተውታል! ዓይኗን ጨፍና የምትቀመጠው ልጃቸው፣ ሆዷ ውስጥ ያለውም፣ አንድ ጆግ ለማይሞላ ነዳጅ ሲባል ገደል አፋፍ ላይ ሲንሸራተቱ ከርመዋል። በራሳቸው አፈሩ።

ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱና «የቱን ልውሰድ ታዲያ?» አሉ።

«የመሐሉን፣ ዲስኩን ከሚነክሰው የፍሬን ሸራ ጋር» አለች መሊካ። «ለእርስዎ መኪና እሱ ይበቃል።»

«ኦሪጅናል ዱባዩን?»

«አዎ።»

«ስሙ ግን ያናድዳል» አሉና ማዳበሪያውን አጠፉት።

መካኒኩ ዲስኩንና ሸራውን ገጥሞ ሲጨርስ ጉዞ ጀመሩ። አንኮበርን አልፈው ቁልቁለቱ ሲመጣ ጋሽ ሰይፈሥላሴ ሁለተኛ ማርሽ አስገቡ። ሞተሩ ጮኸ። ያ ሁሉ ነዳጅ! ማርሹን ግን አልነኩም። ከኋላ የመጣ አይሱዙ ጥሩምባውን ነፍቶ ነፍቶ ሲያልፋቸው ረዳቱ አንገቱን አውጥቶ «ፋዘር፣ ተበላሽታ ነው?» አላቸው።

«አልተበላሸችም!» ብለው በመስኮቱ አምባረቁ። «በወጣሁበት ማርሽ ነው የምወርደው! አንተም ልብ ግዛ!»

ትንሽ ዝቅ ሲሉ መንገዱ ቀና አለ። የቀኝ እጃቸው እንደ ልማዱ ወደ ማርሹ ሄደ። «ተው!» ብለው እጃቸውን ራሳቸው ተቆጡት፣ መልሰው መሪው ላይ አኖሩት። ልጃቸው ይሄን እንዳየችላቸው ለማረጋገጥ ዞር አሉ።

ወለተሐና ዓይኗን ጨፍናለች።

ጋሽ ሰይፈሥላሴ ክፉኛ ተናደዱ፣ ክፉኛም አዘኑ። ይሄን ሁሉ ሰምተው፣ ይሄን ሁሉ ነዳጅ አቃጥለው፣ አሁንም አላመነቻቸውም? «ወለቴ» አሉ፣ «ማርሽ ውስጥ ነው እኮ። ስሚው፣ ሞተሩ ይዟል። ክፈቺ ዓይንሽን።»

ራሷ ቀስ ብሎ ዘመመና ትከሻቸው ላይ አረፈ። አፏ ተከፍቷል፤ ታንኮራፋለች።

ጋሽ ሰይፈሥላሴ ትከሻቸውን ሳያንቀሳቅሱ፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ ቀስ እያሉ አልዩ አምባ ገቡ።