ማክሰኞ በእንግሊዞች መቃብር

አማረች የዚያን ቀን ወደ እንግሊዞች መቃብር የገባችው ሙታን ልትጎበኝ አልነበረም። ሰው ፍለጋ ነው የገባችው፤ ያውም በሕይወት ያለ ሰው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እስራኤል አገር፣ ኤመቅ ሳራ በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር ካለው መጋዘን ካርቶን ስታሽግ ውላ ሽኩና ቤት በሚባለው ሰፈር ወዳለው ቤቷ ስትመለስ ከፖስታ ሣጥኑ ውስጥ ደብዳቤ አገኘች። ዕብራይስጡን ልጇ ሊአት አነበበችላት። ከመስከረም በዓላት በፊት ይታያል የተባለው የጊዩር ጉዳያቸው፣ ማለትም በሕግ አይሁድ የመሆናቸው ነገር፣ ቀኑ ተቀድሞ ሐሙስ ሆኗል። ከነገ ወዲያ ማለት ነው።

«ኢማ፣ ዘነበወርቅ ሐያቬት ላቮ!» አለች ሊአት፤ እማዬ፣ ዘነበወርቅ የግድ መምጣት አለባት ማለቷ ነው።

ብትጨነቅ አይፈረድባትም። ጎንደር ሳለች ትዋብ ትባል የነበረችው ይህች ልጅ ከሱኮት፣ ከዳስ በዓል፣ ማግስት ሙሽራ ናት። የሙሽራው ወገኖች በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ዓመታት በሱዳን በኩል የመጡ ቤተ እስራኤሎች ሲሆኑ፣ ሰዎቹ ክፉ አይደሉም፤ ግን አንዲት ቃል ተናግረው ዝም ብለዋል። መጀመሪያ ወረቀቱ፣ ከዚያ ሠርጉ። አማረች ክርስትና ተነሥታ፣ በክርስትና አድጋ፣ አባቷን በደብር ግቢ ቀብራ የመጣች ሴት ናት። አያቶቿ አይሁድ እንደነበሩ በቤታቸው በሹክሹክታ ሲወራ ነው የሰማችው። እናትና ልጅ ፋይላቸው አንድ ነው። የእናት ከወደቀ የልጅም ይወድቃል፣ ሠርጉም አብሮ።

እማማ ዘነበወርቅ ደግሞ የዚህ ፋይል ምሰሶ ናቸው። የጊዩር ትምህርቱን የሚከታተል ሁሉ ሕጉን የሚያውቅ አንድ አጃቢ ቤተሰብ ይኖረዋል፤ ሰንበትን ከእነሱ ጋር ይውላል፣ በመጨረሻም በሃይማኖት መሪዎቹ በራቮቹ ችሎት፣ በቤት ዲን ፊት፣ ቀርበው ይመሰክሩለታል። ለአማረች የደረሷት ሦስተኛ ፎቅ ያሉት እማማ ዘነበወርቅ ናቸው። አባታቸው የቤተ እስራኤል ቄስ ነበሩ። ሴትየዋ ቀልድ አያውቁም። ሕጉ ወተትና ሥጋ አይነካካም ይላል፤ አንድ ጊዜ አማረች የወተት ማንኪያ የሥጋ ድስት ውስጥ ብትነክርባቸው ድስቱን ከነወጡ አውጥተው ጣሉት፤ አልተቆጡም፣ አልተሳደቡም፣ ጣሉት ብቻ። አማረች ስድብ ቢሆን ይሻላት ነበር።

እንግዲህ ደብዳቤውን ይዛ ሦስተኛ ፎቅ ወጣች። በሩን የከፈተላት ልጃቸው ኤያል ነው፤ ሚስት ያገባ፣ ራሰ በራነት የጀመረው ሰው።

«ኢማ የለችም። የእንግሊዞች ቤት ክቫሮት ናት፤ መቃብሩ። ማክሰኞ ማክሰኞ እዚያ ናት። ለምን ብለሽ ግን እኔን እንዳትጠይቂኝ።»

አማረች ያልሰማች መሰላት። የቄስ ልጅ መቃብር ለመቃብር? በእነሱ ወግ ሬሳም ሆነ መቃብር የነካ ሰው ረክሷል ተብሎ ሰባት ቀን ከሰው ተለይቶ ይቆይ እንደነበር ራሳቸው እማማ ዘነበወርቅ ናቸው የነገሯት። ይሁን እንጂ ሐሙስ ቆሞ አይጠብቅም። መንገዷን ቀጠለች።

የእንግሊዞች መቃብር ከአሮጌው ከተማ አጠገብ ነው። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ከቱርክ ጋር ሲዋጉ የወደቁ ወታደሮች፣ እንግሊዙም አውስትራሊያዊውም፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ተሰልፈው ተኝተዋል። ድንጋዮቹ ሁሉ አንድ ልክ ናቸው፤ አለቃና ተራ አይለይም። በየድንጋዩ ሥር አበባ አለ። በዚያ የሐምሌ ሙቀት ከተማው ሁሉ ጠውልጎ ሳለ እነዚህ ሰዎች ግን አበባ ተተክሎላቸው ውሃ ይጠጣሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ትልቅ የድንጋይ መስቀል ቆሟል።

አማረች ከበሩ ገባች፣ ቀና አለች፣ መስቀሉን አየች። ከዚያ በኋላ ያለውን ያደረገችው እሷ አይደለችም፤ እጇ ነው። ግንባሯን፣ ደረቷን፣ ግራ ትከሻዋን፣ ቀኝ ትከሻዋን። ቀጥላም ጎንበስ ብላ የበሩን ድንጋይ ሳመች። አርባ ዓመት በደብር ደጃፍ ባለፈች ቁጥር ያደረገችው ነው፤ ሁለት ዓመት ትምህርት ጭንቅላቷን እንጂ እጇን አላስተማረውም።

ከንፈሯን ከድንጋዩ ስታነሣ እማማ ዘነበወርቅ ውሃ የሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዘው ከፊቷ ቆመዋል።

የልጇ ነጭ ቀሚስ፣ የሙሽራው እናት ፊት፣ የራቮቹ ጠረጴዛ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣባት። መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ አለች አማረች በልቧ፤ ቦታውም ለዚያ የተመቸ ነበር።

«ነይ፤» አሉ እማማ ዘነበወርቅ፤ ዞረውም ሄዱ።

ተከተለቻቸው። በረድፎቹ መካከል አልፈው ጥግ ላይ ካለ አንድ ድንጋይ ዘንድ ቆሙ። ሌሎቹ ድንጋዮች ላይ ስም ተጽፏል። በዚህኛው ላይ ግን ከመስቀሉ ሌላ አንድ ሁለት መስመር ብቻ ነው ያለው። አናቱ ላይ ጠጠሮች ተደርድረዋል፤ አይሁድ ሙቱን ሲጎበኝ እንደሚያደርገው።

«ሐሙስ ሆኗል... ቤት ዲኑ... ደብዳቤ መጣ፤» አለች አማረች፤ ቃሉ እየተሰባበረባት።

«እመጣለሁ።» ከኪሳቸው አንድ ጠጠር አውጥተው ከሌሎቹ ጎን አስቀመጡ። «ኤያል ሲያነብልኝ፣ ማን እንደሆነ አይታወቅም ነው የሚለው። ወታደር መሆኑን ብቻ። የኔም አይታወቅም።»

ከዚያ ተናገሩ። አጭር ነበር፤ እርሳቸው ነገር ማስረዘም አይወዱም። ሱዳን በስደተኞች መጠለያ ሳሉ ይታየው የሚባል የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወንድማቸው በተቅማጥ ሞተ። አይሁድ መሆናቸው እንዳይታወቅ ክርስቲያን ነን ብለው ነበርና የጎረቤት ድንኳን ክርስቲያኖች «እኛ እንቀብርላችሁ» ብለው መጡ። አባት ቄስ ናቸው፤ ሬሳ አይነኩም። ዘነበወርቅንም «አትሂጂ፣ ትረክሻለሽ» አሏት። አልሄደችም። ቦታውን የሚያውቁት ሰዎችም በየፊናቸው ተበተኑ። ይኸው ሃያ ሁለት ዓመት።

«ምልክት ፈለግሁለት፤» አሉ። «የቱርኮቹን ሐውልት አየሁ፤ እሱ ስም በስም ነው። የድሮውን የእስላም መቃብርም አየሁ፤ ፈራርሷል። በረሃው ውስጥ የጥንት ቤተ ክርስቲያን አለ ቢሉኝ አውቶቡስ ተሳፍሬ ሄድኩ። ወለሉ ብቻ ነው የቀረው። እዚህ ስመጣ ይኼን ልጅ አገኘሁት። የሚጠይቀው የለም፤ እኔም የምጠይቀው የለኝ።»

እማማ ዘነበወርቅ ዓይናቸውን ከድንጋዩ ሳያነሡ ጠየቁ፦

«እናንተ ሰው ስትቀብሩ ምን ታደርጋላችሁ? ምን ይባላል?»

ወጥመድ ነው አለች አማረች በልቧ። አሁን የማውቀውን ሁሉ እዘረግፋለሁ፤ ሐሙስ ደግሞ ራቮቹ ፊት «ልቧ ገና እዚያው ነው» ይባላል። እናንተ ማለታቸው ራሱ አስፈራት።

«ረሳሁት፤» አለች።

«ረሳሽው?»

«ረሳሁት እማማ።»

እማማ ዘነበወርቅ ቀና ብለው የአማረችን ቀኝ እጅ አዩ። ፊቷን ሳይሆን እጇን። ከዚያ የተረፈውን ውሃ አበባው ላይ አፍስሰው ጠርሙሱን ጨብጠው ወደ በሩ ሄዱ።

የዚያን ሁለት ቀን የአማረችን ነገር ባላወራው ይሻላል። ረቡዕ መጋዘን ውስጥ ስንት ካርቶን ገልብጣ እንዳሸገች አለቃዋ ነው የሚያውቀው። ለሊአት ሳትነግራት ቀረች። ምን ብላ ትንገራት? ልጅቷ የቀሚሷን ወገብ ስታስለካ እናትዋ ተቀምጣ እጇን ታያለች። ቀኝ እጇን ጠላችው።

ሐሙስ ሦስት ራቮች ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠዋል። አማረች የተጠየቀችውን መለሰች፤ ስለ ሰንበት፣ ስለ ወተትና ሥጋ፣ ስለ ጾም። ሊአትማ እንደ ውሃ ነበር የምትወርደው። ከዚያ መካከለኛው ራቭ፣ ጺሙ ገና ያልሸበተው፣ ወደ እማማ ዘነበወርቅ ዞረ።

«ግቭርት ዘነበወርቅ፣ አንቺ ሁለት ዓመት አይተሻታል። ከቀድሞ ሃይማኖቷ የቀረ ነገር፣ ስግደት፣ መስቀል፣ እንዲህ ያለ አይተሽባታል?»

እማማ ዘነበወርቅ ነጠላቸውን አስተካከሉ። በሃያ ሁለት ዓመት ዕብራይስጥ፣ ግን በጎንደር ምላስ፣ እንዲህ አሉ፦

«እኔ የቄስ ልጅ ነኝ። እንዲህ ያለ ነገር ያለባት ብትሆን ከጎኗ እቀመጥ ነበር?»

ራቩ ሊጠይቅ የፈለገው ሌላ ነገር ያለ ይመስል ነበር። ሴትየዋን አየና ተወው። ፈረመ።

አማረች እንኳን ደስ አለሽ የሚል ቃል ከእማማ ዘነበወርቅ ጠበቀች፤ አልመጣም። «ገና ሚክቬው አለ፤» ነው ያሉት። በእርግጥም አለ። ወረቀቱ የሚጸናው በሕጉ ውሃ ውስጥ ገብተው ሲወጡ ነው።

እሑድ ሦስቱም ወደ ሚክቬው ሄዱ። ሊአት ቀድማ ገብታ ወጣች፤ ለእጮኛዋ ልትደውል ወደ ውጭ ሮጠች። ቀጥላ አማረች ገባች። ሦስት ጊዜ ጠለቀች፤ ከውሃው ዳር የቆመችው ጠባቂ ሴትም «ካሼር!» አለች፤ ደህና ነው፣ ጸንቷል ማለት ነው። አለቀ። ለብሳ ወደ መቀመጫው ክፍል ስትወጣ ጸጉሯ ይንጠባጠብ ነበር። እማማ ዘነበወርቅ አግዳሚው ላይ ፎጣ ጭናቸው ላይ አድርገው ብቻቸውን ተቀምጠዋል።

«ከእንግዲህ ማንም አይወስድብሽም፤» አሉ። «አሁን ንገሪኝ።»

አማረች ወዲያው ገባት። ያን ጊዜ መቃብሩ ላይ የጠየቋት ወጥመድ አልነበረም። ሴትየዋ የሚጠይቁት ሰው አጥተው ሃያ ሁለት ዓመት የያዙት ጥያቄ ነበር፤ እሷም ስትፈራ አይተው፣ የማትፈራበት ቀን እስኪደርስላት ነው የጠበቁላት። አፈረች። ከጎናቸው ተቀመጠች።

«ቄስ ካለ ፍትሐት ይፈታል፤» አለች። «ከሌለ ደግሞ የሚያውቅ ሽማግሌ ጸሎት ያደርሳል። ፊቱን ወደ ምሥራቅ ነው የሚያስተኙት። ያማትባሉ። በክርስትና ስሙ ይጠሩታል።»

«የክርስትና ስም አልነበረውም።»

«እንግዲያው ይታየው ብለው ነው የጠሩት።»

እማማ ዘነበወርቅ ራሳቸውን ነቀነቁ። ፎጣውን አጠፉት፣ ዘረጉት።

«ማን አለቀሰለት ታዲያ? እኔ አልሄድኩም። ቀብሩ ላይ እህት አልነበረችውም።»

«ያለ ለቅሶ አይቀበርም እማማ። እህት ከሌለው ከጎረቤት አንዷ እህት ትሆናለች። ‹ወንድሜ› እያለች ሙሾ ታወርዳለች። እኔ ራሴ ለማላውቀው መንገደኛ ሆኜለታለሁ። እንደ እናቴ ልጅ ነው ያለቀስኩት።»

ከውጭ ሊአት በስልክ በዕብራይስጥ ስትስቅ ይሰማል። እማማ ዘነበወርቅ የአማረችን ቀኝ እጅ ያዙ፤ ያንን እጅ። በፎጣው ጣት በጣት አደረቁላት፤ ጨርሰውም አልለቀቁትም።

«ማክሰኞ አብረሽኝ ትሄጃለሽ፤» አሉ። «እኔ ማልቀሱ እምቢ ብሎኛል። አንቺ ታለቅሺለታለሽ።»