ለአንድ ሰዓት የተዘጋች መዝጊያ

በያጁ ምድጃ ሠርቶ ሲጨርስ እንደ ሌሎቹ «በሉ ውሰዱ» ብሎ አያሰናብትም። ደንበኞቹ ቤት ድረስ ሄዶ የጭስ ማውጫውን ቱቦ በጣሪያው አሾልኮ ይገጥማል፤ የመጀመሪያውን እሳት ራሱ ያቀጣጥላል፤ ከዚያ ምክሩን ይጀምራል። ሁለት ፍልጥ ስታጋጩ ካልጮኸ እንጨቱ ገና እርጥብ ነው፣ አታንድዱት። ቱቦውን በየዓመቱ ጥረጉ። መስኮቱን ጣት የሚያሾልክ ያህል ክፈቱ። ቱቦው ላይ ያለችውን፣ ስትዞር የጭሱን መውጫ የምትደፍነውን መዝጊያ ደግሞ ፍም እስካለ ድረስ እንዳትነኳት።

«ጭሱስ ያስላችኋል፣ ትሸሹታላችሁ። ገዳዩ ግን አይታይም፣ አይሸትም» ይላል።

ሚስቱ ጡረታ የወጣች መምህርት ናት፤ ሰዉ አሁንም «መምህርት» እያለ ይጠራታል። «ዕድሜ ልክህን አንዲት ትምህርት ብቻ ስታስተምር አይሰለችህም? እኔ እንኳ ማባዛት ስጨርስ ወደ ማካፈል እሄድ ነበር» እያለች ትስቅበታለች። ልጅ አልወለዱም። አርባ ዓመት እየተሟገቱ፣ እየተሳሳቁ አብረው ኖሩ።

በዚያ ዓመት የበያጁ ጉልበት ታመመ። መሰላል መውጣት አቅቶት «የሚመጣው ሳምንት» ሲል ቱቦው ሳይጠረግ ቀረ። የእንጨት ማስቀመጫው ጣሪያ አፍስሶ ክምሩን አበሰበሰው። ብርዱም ሳይታሰብ ከች አለ። መምህርትን ጉንፋን ይዟት ደረቷ ታፍኖ ሰንብቷል።

አንድ ቀን ጠዋት ደረቁ እንጨት አለቀ። እርጥቡን ቢጨምርበት ውሃ እያላበው ጭስ ብቻ ሆነ።

«ሰውዬ፣ ምድጃህም እንደኔ ጉንፋን ይዞታል» አለች፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ ጥርሷ እየተንገጫገጨ።

አናጢው ወንድሙ ዘንድ ሄዶ ደረቅ ቁርጥራጭ ሊያመጣ ተነሣ። ከመውጣቱ በፊት ብርድ እንዳይገባባት በመስኮቱ ክፍተት ጨርቅ ጠቀጠቀ። የቀረው ፍም ቶሎ እንዳያልቅም መዝጊያዋን ልትዘጋ ጥቂት እስኪቀራት አዞራት። የሚያደርገውን አሳምሮ ያውቀዋል። ለአንድ ሰዓት ነው፣ አለ በልቡ።

«መጣሁ።»

«ቶሎ በል፣ ወሬ እንዳትይዝ» አለችው ከጋዜጣዋ ቀና ሳትል።

ወሬ ያዘ። ወንድሙ አዲስ መጋዙን አሳየው፤ ስለ ጉልበቱ ጠየቀው፤ ወሬ ወሬን እያመጣ ሁለት ሰዓት ተኩል ሄደ።

ሲመለስ ቤቱ ሞቆ ጠበቀው። ጭስ የለም። መምህርት ጠረጴዛው ላይ ክንዷን ተንተርሳ ተኝታለች፤ ጉንጯ ቀላ ብሏል። ተሻላት ብሎ ደስ አለው። እንዳይቀሰቅሳት በእግሩ ጣት እየተራመደ እንጨቱን ቀስ አድርጎ አስቀመጠ። ተቀምጦ አንድ ጫማውን አወለቀ። ሁለተኛውን ሊፈታ ጎንበስ ሲል ራሱን ወጋው፤ ዓይኑ ብዥ አለበት። ቀና ብሎ መዝጊያዋን አየ።

በብብቷ ይዞ፣ በአንድ እግር ጫማ፣ እየጎተተ ግቢ አወጣት። ጩኸቱን የሰማች ጎረቤት መኪና አስቁማ መጣች።

ሆስፒታል ወጣቷ ሐኪም «መዝጊያውን ማን ዘጋው?» አለችው።

«እኔ።»

«አደጋውን አያውቁም ነበር አባባ?»

«አውቃለሁ። ለሰው ሁሉ የማስተምረው እኔ ነኝ።»

ሐኪሟ ብዕሯን ከወረቀቱ አንሥታ አየችው።

በሦስተኛው ቀን መምህርት ነቃች። «ልትገላገለኝ ነበር አይደል?» አለችው። እየሳቀ አለቀሰ። ቤቷ ገባች፤ ሦስት ሳምንት ደህና ሆና ሰነበተች። ከዚያ ሻይ ውስጥ ጨው መጨመር፣ የጀመረችውን ዓረፍተ ነገር መሀል ላይ መተው ጀመረች። አንድ ቀን ቁርስ ሲያቀርብላት በአክብሮት ብድግ አለችለት።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና የዚህ ቤት ሰውዬ ወዴት ሄደ? ቶሎ እመለሳለሁ ብሎኝ ነበር።»

አርባ ዓመት «አንተ» ስትለው ኖራለች።

የታፈነ ፍም መርዝ አንዳንዴ ከሳምንታት በኋላ አእምሮን እንደሚጎዳ፣ የሚድን እንዳለ የማይድንም እንዳለ ሐኪሟ ነገረችው። ወራት ጠበቀ። ጎረቤቷ «በጸጸት ራስህን አትግደል፣ እግዜር ያመጣው ነው» ብትለው «እግዜር መዝጊያ አልዘጋም» አላት፤ ከዚያ በኋላ ሊያጽናናው የደፈረ የለም።

መምህርት «የማላውቀው ወንድ ቤት ውስጥ አለ» እያለች ልብሷን እንኳ አላስነካ አለችው። በመጨረሻ ታናሽ እህቷ መጣች። «ጋሼ፣ ትፈራሃለች እኮ። እኔ ልውሰዳት» አለችው እያለቀሰች። ልብሷን አጣጥፎ በሻንጣ ያስገባው ራሱ ነው። ምድጃ የሚያሠራ አሁንም ይመጣል፤ በሩን ሳይከፍት «ትቻለሁ» ይላል።

በየእሁዱ ሊጠይቃት ይሄዳል። ባለፈው እሁድም ተነሥታ ወንበሯን ለቀቀችለት።

«ልጆች አሉዎት?»

«የሉኝም።»

«ባለቤትዎስ?»

«አለች።»

«ደህና ናት?»

እሷ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ፣ እንደ ጨዋ ሰው መልሱን ትጠብቃለች።

«ደህና ናት» አላት።