ከደወሉ እስከ ደጁ

ሕግ ለሰው ልጅ ከተሰጡት ጸጋዎች ሁሉ የከበረና የተፈራ ነው፤ እርሱ ባይኖር ኃያሉ ደካማውን በልቶ በጨረሰው፥ ለርስትም ድንበር፥ ለትዳርም ክብር ባልተገኘለት ነበር። ነገር ግን፥ አስተዋይ አንባቢ ሆይ፥ ሕግን የሚመረምሩ ሊቃውንት ሳያውቁት የሚወድቁበት አንድ ረቂቅ ወጥመድ አለ፤ እርሱም ከመጽሐፉ ፊት ብዙ ዘመን ከመቀመጥ የተነሣ ሕጉ የተጻፈለትን የሰውን ፊት መርሳት ነው። ይህን የምለው ሊቃውንትን ለመንቀፍ አይደለም፥ የሚነቀፉበት ነገር ባይጠፋም፤ ስለ አንድ ደግ ሰው እያዘንሁ ነው እንጂ። ሰውዬው ክፉ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ አጭር በሆነ፥ እኔም ለመጻፍ ባልደከምሁ።

በቀደመው ዘመን፥ ከበሽሎ ወንዝ ማዶ፥ ደብረ ናርዶስ በሚባል ገዳም መዝሙረ ድንግልና ወልደ ሐዋርያት የተባሉ ሁለት ተማሪዎች ነበሩ። በአንድ ጎጆ አድረው፥ በአንድ አኩፋዳ ለምነው ያደጉ ናቸው፤ መዝሙረ ድንግል ውሻ እጅግ ይፈራ ስለ ነበር በየመንደሩ ደጃፍ ቀድሞ በትሩን ይዞ የሚቆመው ወልደ ሐዋርያት ነበረ፥ ተነክሶም ያውቃል። ወልደ ሐዋርያት ትምህርቱ አልገባ ብሎት፥ እየሳቀ ጓደኛውን ተሰናብቶ፥ ወደ አባቱ እርሻ ተመለሰ። መዝሙረ ድንግል ግን ከታላቁ መምህር ከአባ አርከሌድስ እግር ሥር ተቀምጦ የቤተ ክርስቲያንን ሕግና ሥርዓት ንባቡን ከነትርጓሜው፥ ምሥጢሩን ከነምክንያቱ ጠንቅቆ ተማረ፤ ምንኩስናንም ተቀብሎ የገዳሙ ጌጥ ተባለ።

በዚያ ገዳም ቅጽር ውስጥ፥ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ራቅ ብሎ፥ ከአንድ አሮጌ ወይራ ላይ ሁለት ጠፍጣፋ ድንጋዮች ተንጠልጥለው ነበር፤ ካህናቱም ሕዝቡን ለጸሎት የሚጠሩት እነርሱን እየመቱ ነው። ከአባቶች በወረደው ልማድ፥ ደም ያፈሰሰ ወይም ጌታውን ያስቆጣ ሰው ሮጦ ያንን ደወል ካቀፈ፥ ሽማግሌዎች ተቀምጠው እርቅ እስኪያወርዱ ድረስ ጦር አይመዘዝበትም። አባ መዝሙረ ድንግል ግን የሕጉን መጽሐፍ ሲተረጉም፥ የመማፀኛው ስፍራ የቤተ መቅደሱ ደጅ ብቻ እንደ ሆነ፥ ደወል የጥሪ ዕቃ እንጂ የምሕረት መንበር እንዳልሆነ ጻፈ። ጉባኤው በተሰበሰበ ጊዜ አባ አርከሌድስ፥ «ልጄ፥ የሚያሳድዱት ሰው ደጅ አይመርጥም፤ የደረሰበትን ይይዛል። ደወሉንም ጨምርበት» አሉት። እርሱም፥ «መምህር ሆይ፥ መጽሐፉ ያላለውን እኔ ብል ማን ያምነኛል?» ብሎ ጥቅስ በጥቅስ ላይ፥ ምስክር በምስክር ላይ እየደረደረ ተከራከረ። ጉባኤው አደነቀው። በክርክር የረታ ሰው ሁሉ እውነቱም ከእርሱ ጋር የቆመች ይመስለዋልና፥ ያን ቀን ደስ ብሎት ዋለ።

ትርጓሜውም በመኳንንቱ ዘንድ እጅግ ተወደደ፤ የሚያሳድዱት ሰው ሲያመልጣቸው የማይወዱ ናቸውና አይደንቅም። ይልቁንም የአገሩ ገዥ ጸሐፈ ላም ዐምደ ሥላሴ ትርጓሜውን በብራና አስገልብጦ በቤቱ አኖረው፤ ስለ ሊቁም በንጉሥ ፊት መልካም ምስክር ሆነ። ጳጳስ ከግብፅ በሚመጣበት በዚያ ዘመን የአገር ልጅ ለዚህ መዓርግ መብቃቱ ያልተለመደ ሳለ፥ የግብፁ ጳጳስ ሀገሩ ሰፊ መሆኑን አይቶ አባ መዝሙረ ድንግልን በበሽሎ ማዶ ባለው ሕዝብ ላይ ኤጲስ ቆጶስ አድርጎ ሾመው። እርሱም ለመዓርጉ አላነሰም፤ ጉቦ የማይቀበል፥ ድሀ የማያንገላታ፥ ጾሙ የጸና አባት ሆነ። መንበሩን ያቆመችለት ግን ያቺ ትርጓሜ እንደ ሆነች አሳምሮ ያውቅ ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን፥ ቅዳሴ ተፈጽሞ፥ ጳጳሱ አባ መዝሙረ ድንግል በደብረ ናርዶስ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሞ ሕዝቡን ሲባርክ ደወሉ ያለ ጊዜው ተመታ። ቢመለከት፥ አንድ ገበሬ እግሩ በጦር ተወግቶ እየደማ ድንጋዩን በሁለት ክንዱ አቅፎታል፤ ወልደ ሐዋርያት ነበረ። የጸሐፈ ላሙ የእኅት ልጅ በእርሻ መካከል ገብቶ በሬዎቹን ከቀንበር ፈትቶ ሊነዳ ሲል፥ እርሱ ለማስጣል በያዘው ድግር ቢመታው ክፉ ቦታ አግኝቶት ሞቶ ነበርና። አሳዳጆቹ ወታደሮች ከወይራው ሥር ሲደርሱ፥ ማንም ሳያዝዛቸው ጦራቸውን ዘቅዝቀው ቆሙ፤ አባቶቻቸው እንዲሁ ሲያደርጉ አይተዋልና። ወዲያው ገዥው በበቅሎ ደረሰ፤ ወርዶም ለጳጳሱ እጅ ነሥቶ፥ «አባታችን፥ ወታደሮቼ ደወል ፈርተው ቆሙብኝ። እርስዎ ጽፈው ያስተማሩንን እኔ አልረሳሁም፤ ያ ድንጋይ ያስጥላል ወይስ አያስጥልም? ይፍረዱ» አለው።

«ያስጥላል» የሚለው አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ነገር ግን ያን ቃል ቢናገር ትርጓሜው ሊፈርስ፥ በጉባኤ መርታቱ ሊሻር፥ በሕዝብም ፊት «ተሳስቼ ኖሬአለሁ» ሊል ነው፤ «አያስጥልም» ቢል ደግሞ በልጅነቱ ከውሾች የጠበቀውን ወንድሙን ለጦር አሳልፎ ሊሰጥ ነው። አቤት የሊቅ ነገር! ከሁለቱ የሚያድን የመሰለውን ሦስተኛ መንገድ አገኘ። ለገዥው ምንም ሳይመልስ ደጁን በገዛ እጁ ወለል አድርጎ ከፍቶ፥ «ወልደ ሐዋርያት ሆይ፥ ድንጋዩን ልቀቅና ወደ እኔ ና፤ ደጁ ክፍት ነው» ብሎ ተጣራ።

ገበሬውም ድምፁን አውቆ ቀና አለ። «መዝሙር፥ አንተ ነህን? እግሬ እኮ ተጎድቷል፤ እዚሁ ብቆይ አይሻልም?» አለ።

«ግድ የለም፥ ልቀቅና ና።»

«እንግዲያስ አንተ ካልኸኝ እለቃለሁ» አለና ክንዱን ፈታ።

ክንዱ ከድንጋዩ እስኪለይ ድረስ ከወታደሮቹ አንድም የተንቀሳቀሰ አልነበረም። ጳጳሱ ራሱ ድንጋዩን እንዳልተማመነበት ባዩ ጊዜ ግን የአባቶቻቸው ፍርሀት ከልባቸው ወጣ፤ ሰውዬው እያነከሰ ግቢውን ሲያጋምስ አንድ ጦር ከጀርባው ገባ፥ እርሱም እጁን ወደ ደጁ ዘርግቶ ወደቀ። ገዥው፥ «ሕጉ ተፈጸመ፥ አባታችን» ብሎ ዳግመኛ እጅ ነሥቶ ሄደ። የሚያሳዝነው፥ ይህን ሲል እየዘበተ አልነበረም።

ጳጳሱ ወንድሙን በእጁ ከቀበረ በኋላ፥ በእርጅና ዐይናቸው ወደ ጠፋው ወደ አባ አርከሌድስ ገብቶ ከእግራቸው ሥር ተደፋ። ሽማግሌው፥ «ደወሉን ይዞ ነበርን?» ብለው ጠየቁት። «ይዞ ነበር» አለ። «ማን አስለቀቀው?» አሉት። «እኔ» አለ። እርሳቸውም አለቀሱ እንጂ አንድም የተግሣጽ ቃል አልተናገሩትም፤ ቢገሥጹት በተሻለው ነበር። ከዚያም ያቺን ትርጓሜ ከብራናው ፍቆ በምትኩ፥ «ደወሉን የያዘ ደጁን ይዟል» ብሎ በቀይ ቀለም ጻፈ። ግን ምን ይሆናል? የፊተኛው ቃል በየመኳንንቱ ቤት ተገልብጦ አልቆ ነበር፤ እነርሱም የሚመቻቸውን ትተው የሚከብዳቸውን ሊቀበሉ አልወደዱም። ከዚያች ቀን ወዲህ ወደ ደብረ ናርዶስ የተማፀነ ሰው አልታየም፤ የሚሸሽ ሁሉ ደወሉን በሩቅ እያየ አልፎ ወደ በሽሎ ገደል ይወርድ ነበር።

ጳጳሱ በሸመገለ ጊዜ፥ በአንድ የክረምት ቀን ብርቱ ነፋስ ወይራውን ቢያናውጠው ሁለቱ ድንጋዮች ተጋጭተው ጮኹ። እርሱም መቋሚያውን ጥሎ፥ «አትልቀቅ! ወንድሜ፥ አትልቀቅ!» እያለ ወደ ግቢው ሮጠ። ከዛፉ ሥር ማንም አልነበረም፤ ስለዚህ ድንጋዩን ራሱ አቀፈው። ዝናቡ ሲወርድ ካህናቱ ከደጁ ሆነው፥ «አባታችን፥ ይልቀቁትና ወደ ውስጥ ይግቡ፤ ደጁ ክፍት ነው» ብለው ቢጠሩት፥ «ልጆቼ፥ እኔም እንደዚሁ ብዬ ነው የጠራሁት» አላቸው እንጂ አልተንቀሳቀሰም። ክንዱን አላቅቀው ተሸክመው አስገቡት፤ ከዚያ ብርድ ታሞ አልዳነም። የምሕረት ደጅ ከየት እንደሚጀምር ለክቶ የጻፈ ሰው፥ ወንድሙ ከደጁ ለመድረስ ምን ያህል እንደ ጎደለው ዕድሜ ልኩን ሲለካ ይኖራል።