ሳዋኤ በግራ በኩል

ሰው ያልዘፈነውን ዘፈን ሰምቶ «ይሄ እኔ ነኝ» ሲል፣ ምን ሰምቶ ነው? ሂዴፉሚ ይህን ጥያቄ ሁለት ወር ሙሉ ይዞት ዞረ፤ መልስ ግን አላገኘለትም።

ሂዴፉሚ ዘፈን የሚሠራው ለሰው ሠራሽ ድምፅ ነው። ግጥሙን ኮምፒውተር ላይ ይጽፋል፣ ዜማውን ያስቀምጣል፣ ጉሮሮ የሌላት ልጅ ታዜምለታለች። ዘፈኑ ከተወደደ ሰዎች በየቤታቸው ዘፍነው ይልኩለታል። እሱም ድምፆቹን ደራርቦ የኅብረት ዘፈን ቪዲዮ ያደርጋቸዋል፤ ተራው የደረሰ ሰው ሥዕል ከነስሙ ስክሪኑ ላይ ይበራል። ማንም ያልጻፈው፣ ሁሉም የሚያከብረው አንድ ደንብ አለ። ከቅኝት የወጣ ድምፅ ይቀነሳል፣ ወደ ዳር ይገፋል፣ ግን አይወጣም። የላከ ሁሉ አለበት።

ይህን ደንብ እሱም ያውቃል። ግን ጀርመን አገር ስምንት ዓመት የድምፅ ሥራ ተምሮ ወደ ጃፓኗ ከተማ ሃማማትሱ ከተመለሰ ወዲህ ጆሮው አላስቀምጥ ብሎታል። እዚያ ሳለ እዚህ ይናፍቀው ነበር፤ እዚህ ሲመጣ ደግሞ ሁሉም ነገር ትንሽ የተዛባ ይመስለዋል።

በዚህ ላይ የሳዋኤ ድምፅ መጣ። ሳዋኤ ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ የምሳ ሣጥን የሚዘጋጅበት ወጥ ቤት ትሠራለች። ድምፅዋን የቀዳችው ቁም ሣጥን ውስጥ፣ በፍራሽና በብርድ ልብስ መሃል ተቀምጣ ነው። ሰባት ጊዜ ዘፍና ሰባቱንም ላከችለት። በሰባቱም የየስንኙ መጨረሻ ላይ ዜማው ይወርድባታል። ሂዴፉሚ ሊያቃናው ሞከረ፤ ድምፁ እንደ ቆርቆሮ ሆነበት። ቢቀንሰውም ይሰማዋል። ቪዲዮው የሚወጣበት ቀን ሲደርስ የእሷን ድምፅ አጠፋና በቦታው ሰው ሠራሹን አስገባ። እርጅና ቢጤ ጨመረበት። የእሷን ትንፋሽ ብቻ ከየስንኙ መጀመሪያ ቆርጦ ለጠፈበት። ስሟንና ሥዕሏን ግን ስክሪኑ ላይ በግራ በኩል እንዳለ ተወው።

ሰው ወደደው። «የግራዋ ሴትዮ ማናት?» የሚል አስተያየት ስክሪኑን ሞላው።

«አንተ ጀርመን!» አለችው ሳዋኤ ደውላ፣ እየሳቀች። «ባለቤቴ እኮ ሦስቴ ሰማው! የልጆች ጨዋታ ነው ሲለኝ የኖረው ሰውዬ!»

«እንኳን ደስ አለዎት፣ እትዬ» አላት። ስልኩን ሲዘጋ ጆሮው ይግል ነበር።

በጥቅምት መገባደጃ ተሳታፊዎቹ አንድ የሰፈር አዳራሽ ተከራይተው ተገናኙ። ሳዋኤ ባሏን ይዛ መጣች፤ ሰውየው ክራባት አስሯል። ከድምፅ ማጉያው ሙዚቃው ብቻ እየወጣ ሁሉም በየተራ ይዘፍናል።

«የግራዋ! የግራዋ ብቻዋን ትበልልን!» ብሎ ጮኸ ኩኒቶ። ኩኒቶ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ድምፁ ወፍራም፣ አፉም እንደዚያው።

«አንተ አርፈህ ተቀመጥ! እንዳንተ የሞተር ድምፅ መሰለህ?» አለችና ወደ ሂዴፉሚ ዞረች። ጉንጯ ቀልቷል። «ልበለው እንዴ?»

ማስቆም የሚችለው አሁን ነበር። «ይተዉት እትዬ፣ ሁላችን አብረን እንበለው» ማለት በቂ ነበር። ባሏ ስልኩን ሊቀርጽ ደግኗል።

«ይበሉት እንጂ» አለ ሂዴፉሚ።

የመጀመሪያውን ስንኝ ጀመረች፤ መጨረሻው ላይ ወረደባት። ሁለተኛውም ወረደ። በሦስተኛው አቆመችና የራሷን ድምፅ ከዚያ የምትጠብቅ ይመስል ማጉያውን አየችው። ሙዚቃው ያለ እሷ ቀጠለ። አንድ ሰው ከኋላ ፈገግ አለ፣ ሌላው ጫማውን አየ። ያኔ ኩኒቶ ተነስቶ፣ ሆን ብሎ ከእሷ ብሶ ከቅኝት እየወጣ፣ ስንኙን ተቀበላት። ሌሎቹም ተከተሉት። ሠላሳ ሰው አብሯት ዘፈነ። ሂዴፉሚ ብቻ አፉ አልከፈት አለው።

«ዛሬ ጉሮሮዬን ይዞኛል» አለች ሲያልቅ፣ ለባሏ። ባሏ ስልኩን ኪሱ ከትቶ አጨበጨበላት።

በር ላይ ጫማዋን ስታጠልቅ ሂዴፉሚ አጠገቧ ቆመ።

«ትንፋሹ የኔ ነው» አለችው ቀስ ብላ፣ ሳታየው። «የራሴን ትንፋሽማ አላጣውም። ስንቴ ሰማሁት መሰለህ።»

«እትዬ...»

«ባለቤቴ ይጠብቀኛል» ብላ ወጣች።

እቤቱ ገብቶ ቪዲዮውን ከኢንተርኔት አነሳው። ከሰባቱ ቅጂ አራተኛውን መርጦ፣ ሳያቃና፣ ሳይቀንስ በቦታው መለሰው። የጀርመኑ ጆሮው አሁንም በየስንኙ መጨረሻ ይሸማቀቅ ነበር፤ ይህ ከሁሉ በላይ አሳፈረው። ከዚያ ረጅም ደብዳቤ ጻፈ። ስለ ቀነ ገደቡ ሲያብራራ ራሱን አገኘውና ሁሉንም አጠፋው። የላከላት ይህን ነው፤

«እትዬ ሳዋኤ፣ ድምፅዎን ከዘፈኑ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሳልነግርዎ አወጣሁት፤ ዛሬም እያወቅሁ ዝም አልኩ። አሁን መልሼዋለሁ፣ አያይዤዋለሁ። እርስዎ ይሁን ካሉ ይህን ለሕዝብ እለቃለሁ፣ ያደረግሁትንም ለሁሉም እጽፋለሁ። ይቅር ይበሉኝ አልልም። ሂዴፉሚ።»

በማግስቱ ጠዋት ከመልእክቱ ሥር «ተነብቧል» የሚል ምልክት መጣ። በሳምንቱም፣ በወሩም ከዚያ ሌላ አልመጣም።